ማይክሮስኮፑ አላሳይ ሲላችሁ፦ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ባህር ዳር ውስጥ ማይክሮስኮፕ "ተበላሸ" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮስኮፑ ምንም አልሆነም። ወይ ብርሃኑ በትክክል አልገባም፣ ወይ ስላይዱ (ናሙናው ያለበት መስታወት) በደንብ አልተሰራም፣ ወይ ደሞ የሆነ ሰው ሌንሱን ዘይት አስነክቶት ሳይጠርግ ወጥቷል። ልማዱ ግን ሌላ ነው፣ አልታይ ሲል መጀመሪያ ፎከሱን እስኪያቅተው ማዞር፣ ከዛ ካቻቢቴ ፍለጋ መሄድ፣ እሱም ካልሆነ "ሌንሱ ሞቷል አዲስ ይገዛልን" ብሎ ደብዳቤ መጻፍ። ስለዚ ይሄን የምጽፈው ለጤና ጣቢያ የላብ ልጆች፣ ለባዮሎጂ አስተማሪዎችና የጣናን ውሃ ቀድተው ለሚያዩ ተማሪዎች ነው፣ ከምታዩት ችግር ተነስታችሁ ምክንያቱ ጋ እንድትደርሱ።

አሰራሩን በአጭሩ ካልተግባባን ግን መፍትሄው ጥንቆላ ነው የሚሆነው። ከታች አምፖል አለ፣ ከሱ በላይ ኮንደንሰር የሚባለው ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ስላይዱ ላይ ያሳርፈዋል፣ በስላይዱ ያለፈውን ብርሃን ኦብጀክቲቩ (ከስላይዱ ጋ የሚጠጋው ሌንስ) ይቀበልና ቱቦው ውስጥ ትልቅ የተገለበጠ ምስል ይሰራል፣ አይፒሱ (አይናችሁን የምታስጠጉበት ሌንስ) ያንን ምስል እንደገና አጉልቶ ለአይናችሁ ይሰጣል። 40 የተጻፈበት ኦብጀክቲቭ ከ10 አይፒስ ጋር 400 ጊዜ፣ 100 የተጻፈበት 1000 ጊዜ ያጎላል። ምስሉ የተገለበጠ ስለሆነ ስላይዱን ወደ ቀኝ ስትገፉት ወደ ግራ የሄደ ይመስላችኋል፣ እሱ ብልሽት አይደለም (ብልሽት ነው ብሎ የደወለልኝ አለ)።

ጨለማ ነው፣ ምንም የለም

መብራት አለ? አትሳቁ፣ ከዚ ነው የሚጀመረው። ዲቫይደሩ በርቷል ወይ፣ የብርሃን መጨመሪያው ዜሮ ላይ ነው ወይ፣ ኦብጀክቲቩ ቀጭ ብሎ ቦታው ገብቷል ወይስ በሁለት ኦብጀክቲቭ መሀል ቆሟል፣ ኮንደንሰሩ ስር ያለው አይሪስ (የሚጠብና የሚሰፋው የብርሃን ቀዳዳ) ተዘግቷል ወይ። እነዚህን በእጃችሁ ዳብሳችሁ ሳትጨርሱ ወደ አምፖሉ አትሂዱ። አምፖሉ ነው ከተባለ ሶኬቱን ንቀሉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ አውጥታችሁ ክሩን እዩት። ብዙዎቹ የቆዩ ማይክሮስኮፖች የ6 ቮልት 20 ዋት ሃሎጅን ናቸው፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አዲሱን በባዶ ጣት አትንኩት፣ የጣት ቅባት መስታወቱ ላይ ከቀረ እዛው ቦታ ላይ ከልክ በላይ ይግልና እድሜው ያጥራል፣ በሶፍት ጠቅልላችሁ አስገቡት። አምፖሉ ደህና ከሆነ ፊውዙን እዩ።

እዚ ከተማ አምፖልና ሰርኪት የሚበላው አንድ ነገር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፉና ሶኬቱን ንቀሉት፣ ሲመጣ ትንሽ አስቆዩት። ስታብላይዘር ካላችሁ በጣም ጥሩ፣ ከሌላችሁም መንቀሉ በነጻ ነው።

የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች ላይ ደሞ ከአምፖል ይልቅ መስታወት አለ። መስታወቱ ሁለት ፊት አለው፣ ኮንደንሰር ካለው ጠፍጣፋውን፣ ኮንደንሰር ከሌለው ጎድጓዳውን ተጠቀሙ። ወደ ሰማዩ አዙሩት እንጂ ወደ ፀሀይ በፍጹም፣ የባህር ዳር የሚያዝያ ፀሀይ በሌንስ ተሰብስቦ የተማሪ አይን ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ አይመለስም።

በ4ና በ10 ጥርት ይላል፣ 40 ላይ ጭጋግ ነው

ከሁሉም በላይ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ መልሱ ዘይት ነው። ሰውየው በ100 ወባ ሲያይ ቆይቶ "እስኪ ትንሽ ወጣ ብዬ ልየው" ብሎ ወደ 40 ይመልሳል። 40ው ደረቅ ሌንስ ነው፣ ጫፉ ከስላይዱ ያለው ርቀት ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ዘይቱን ጠልቆት ያልፋል። በሁለተኛው ሳምንት ዘይቱ ደርቆ ቢጫ ቆዳ ይሰራል፣ ከዛ "40ው ሞቷል" ይባላል።

ለማረጋገጥ ኦብጀክቲቩን ፈታችሁ አውጡት፣ አንዱን አይፒስ ከቱቦው ምዘዙና ገልብጣችሁ እንደ ማጉያ ተጠቀሙበት፣ የኦብጀክቲቩን የፊት መስታወት ወደ መስኮት አዘንብላችሁ እዩ። ንጹህ ከሆነ ጥርት ያለ ትንሽ ክብ ታያላችሁ። ዘይት ካለው ቀስተ ደመና የሚያሳይ ስስ ነገር፣ ጠርዙ አካባቢ ደሞ የተጋገረ ቢጫ ቀለበት ይታያችኋል። ሌንስ ፔፐር ላይ ጠብታ የሌንስ ማጽጃ፣ ከሌለ ትንሽዬ ዛይሊን (ዘይት የሚያሟሟ የላብ ኬሚካል) አድርጉና ከመሀል ወደ ውጪ እያዞራችሁ ጥረጉ፣ ወረቀቱን ጥላችሁ በአዲስ ድገሙት። ኦብጀክቲቩን ዛይሊን ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፣ ሌንሶቹን የያዘውን ሙጫ ይበላዋል። በላብ ጋውን ጫፍ፣ በሸሚዝ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በሶፍት መጥረግም የለም፣ ሶፍት ለስላሳ መስሎን ነው እንጂ ሌንሱን ይጭረዋል፣ በተለይ በጋ ላይ አቧራ ካለበት።

ዘይት ካልሆነስ? ስላይዱ ተገልብጧል። ነገሩ ቀላል ነው፣ ስላይድ 1 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፣ ናሙናው ከታች ከዋለ 40ው እሱ ጋ ለመድረስ መስታወቱን መብሳት ሊኖርበት ነው። በ4ና በ10 ግን ርቀታቸው ሰፊ ስለሆነ ያሳያሉ፣ ሰው የሚሸወደውም በዚሁ ነው። ስላይዱን አንስታችሁ በጥፍራችሁ ዳር ዳሩን ነካ ስታደርጉት ደሙ ያለበት ወገን ይታወቃችኋል።

ሶስተኛው ከቨር ስሊፑ (ናሙናው ላይ የሚከደነው ስስ መስታወት) ነው። ኦብጀክቲቩ ጎን ላይ 160/0.17 የሚል ካለ 0.17ቱ ሚሊሜትር ነው፣ ሌንሱ የተሰራው ያን ያህል ውፍረት ያለው ከቨር ስሊፕ እንዳለ ታስቦ ነው። ሁለት ተጣብቀው ከወጡ (እርጥበት ባለበት ክረምት በጣም ይጣበቃሉ) ምስሉ ወተት ይሆናል። በተቃራኒው ደረቅ የደም ስላይድን ያለ ከቨር ስሊፕ በ40 ስታዩትም ትንሽ ይደበዝዛል፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጋችሁ ከላዩ ከቨር ስሊፕ ብታሳርፉበት በአንዴ ይለወጣል። ከዛ ውጪ ሰገራው በጣም ወፍሮ ከሆነ የየትኛውም ሀገር ሌንስ አያድናችሁም፣ ከስሩ የተቀመጠ የታተመ ጽሁፍ መነበብ አለበት፣ ካልተነበበ አቅጥኑት።

100 ላይ ምንም አይታይም ወይ ድብዝዝ ነው

ዘይት አድርጋችኋል? ያለ ዘይት 100ው ዋጋ የለውም። ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይሰበራል፣ ወደ ጎን ያዘነበለው ብርሃን ሌንሱ ውስጥ ሳይገባ ያመልጣል፣ ጥቃቅኑን ነገር የሚለይልን ደሞ ያ የሚያመልጠው ብርሃን ነው። የኢመርሽን ዘይት የመስበር መጠን 1.515 አካባቢ ስለሆነ ከስላይዱ መስታወት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ብርሃኑ መንገዱን ሳይቀይር ይገባል። አየር 1 ነው፣ ውሃ 1.33፣ የምግብ ዘይት 1.47 አካባቢ። የኑግ ዘይት ሞክረው "ያሳያል እኮ" የሚሉ አሉ፣ አዎ የሆነ ነገር ያሳያል፣ ግን ከእውነተኛው ያነሰ ነው፣ ሲደርቅ ደሞ ሌንሱ ላይ ሙጫ ይሆናል፣ ያኔ የዘይቱን ዋጋ በኦብጀክቲቭ ትከፍላላችሁ።

ኦብጀክቲቩ ላይ ከ100 ቀጥሎ 1.25 ተጽፏል። ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ ነው፣ ከማጉላቱ ቁጥር በላይ የሚጠቅማችሁ ይሄኛው ነው። ኤርንስት አቤ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳወጣው የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ለዚ ቁጥር እጥፍ ስታካፍሉት ለይታችሁ ማየት የምትችሉት ትንሹ ርቀት ይመጣል፣ አረንጓዴ ብርሃን 550 ናኖሜትር ነው፣ ለ2.5 ሲካፈል 220 ናኖሜትር። ከዛ በታች ሁለት ነጥብ ካለ አንድ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ምንም ብታጎሉት። ስለዚ 25 አይፒስ ሰክተው "2500 ጊዜ ያጎላል" ብለው የሚሸጡትን አትግዙ፣ የሚጠቅመው ማጉላት የዛ ቁጥር 1000 እጥፍ አካባቢ ላይ ያበቃል፣ ከዛ በላይ ያለው ብዥታውን ነው የሚያሰፋው።

ዘይቱ ካለና አሁንም ካልታየ በየተራ እዩ፦ ዘይቱ ውስጥ አረፋ አለ (ኦብጀክቲቩን ወደ ጎን ወዲያ ወዲህ ብታደርጉት ይወጣል፣ ካልሆነ ጠርጋችሁ እንደ አዲስ)፣ ኮንደንሰሩ ወርዷል (ለ100 እስከ ላይ ድረስ ይውጣ)፣ አይሪሱ ጠቧል (ክፈቱት)። የሚገርመው ግማሹ ሰው 100 ላይ ጨለማ ሲሆንበት መብራቱን ይጨምራል እንጂ ኮንደንሰሩን አይነካም። የቆየ የሴዳር ዘይት ካላችሁ ይድረቅ አይድረቅ እዩ፣ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ሰው ሰራሹ ይሻላል።

ነጥብ ነጥብ ይታየኛል፣ የት እንዳለ ግን አላውቅም

ይሄን ካወቃችሁ ግማሽ ቴክኒሻን ሆናችኋል ማለት ነው። ህጉ አንድ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ አንቀሳቅሱና ቆሻሻው አብሮ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። ስላይዱን ግፉት፣ ነጥቡ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው። አልሄደም? አይፒሱን በጣታችሁ ይዛችሁ ቦታው ላይ አሽከርክሩት፣ ነጥቡ አብሮ ከዞረ አይፒሱ ላይ ነው፣ ከተገኙትም አብዛኛው እዚ ነው የሚያልቀው፣ የኩል፣ የሽፋሽፍት ቅባት፣ የቡና ጭስ ሳይቀር። አሁንም ካልዞረ ኦብጀክቲቩን ቀይሩ፣ ሲቀየር ከጠፋ ኦብጀክቲቩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ኦብጀክቲቭ ላይ ያለ ቆሻሻ እንደ ነጥብ አይታይም፣ ምስሉን በሙሉ ነው የሚያደበዝዘው። በሁሉም ላይ እዛው ከቆየ ኮንደንሰሩን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ነጥቡ ከደበዘዘ ወይ ከተቀየረ ኮንደንሰሩ ላይ ወይም የመብራቱ ክዳን መስታወት ላይ ያለ አቧራ ነው። ምንም ብታደርጉ የማይጠፋ ግን አይናችሁን ስታንቀሳቅሱ የሚንሳፈፍ ክር ከሆነ የራሳችሁ አይን ውስጥ ነው፣ ማይክሮስኮፑን ተዉት።

አይፒሱን ስትጠርጉ መጀመሪያ በጎማ ፓምፕ ወይ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አስነሱ፣ በአፍ አትንፉበት ምራቅ ይሄዳል። ከዛ ነው እርጥብ የሆነ ሌንስ ፔፐር።

የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሌንሱ ውስጥ

ሻጋታ ነው። ሀይቅ ዳር ላለን ሰዎች ክረምት ከአቧራ የባሰ ነው፣ ሐምሌና ነሀሴ ላይ ማይክሮስኮፑን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከከተታችሁት ለሻጋታ ቤት ሰራችሁለት። ክሮቹ ሌንሱ ላይ አሲድ ይለቃሉ፣ ሽፋኑን ይበሉታል፣ ከቆየ በኋላ ብትጠርጉትም ጠባሳው አይጠፋም። ውጪው ገጽ ላይ ያለ አዲስ ሻጋታ በሌንስ ማጽጃ ይለቃል፣ በሁለት ሌንስ መሀል የገባ ግን የቴክኒሻን ስራ ነው።

መከላከሉ ርካሽ ነው። የእንጨት ሳጥን ወይ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታች አንድ 25 ወይ 40 ዋት የድሮ አምፖል አብርታችሁ ተዉት፣ ከላይና ከታች ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፣ ማይክሮስኮፑ ከአምፖሉ ይራቅ። በዛ ሙቀት ሻጋታ አያድግም። መብራት በየቀኑ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ሲሊካ ጄል ተጠቀሙ፣ ደረቅ ሲሆን ሰማያዊ፣ ውሃ ሲጠጣ ሮዝ ይሆናል፣ ሮዝ ሲሆን ለብ ያለ ምጣድ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አድርቁትና ሰማያዊው ይመለሳል። የቡናውን ምጣድ ግን አትንኩ! ሰማያዊ ቀለሙ ኮባልት አለበት፣ መርዝ ነው፣ ለሱ የሚሆን ሌላ ብረት ፈልጉለት። ማይክሮስኮፑ ስራ ላይ ከዋለ ደሞ ሙቅ እያለ አትሸፍኑት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ በጨርቅ።

ብርሃኑ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ወይ ጥቁር ጨረቃ ይታያል

ኦብጀክቲቩ ቀጭ ብሎ አልገባም ወይም ኮንደንሰሩ ከመሀል ወጥቷል። ኦገስት ኮለር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1893 ያወጣውን አካሄድ ተከተሉ፣ የሱ ችግር ከጋዝ መብራት የሚመጣው ያልተስተካከለ ብርሃን ፎቶውን ማበላሸቱ ነበር። በ10 ስላይዱን ፎከስ አድርጉ፣ ከስር ያለውን የመብራቱን ዳያፍራም (እንደ አይሪሱ የሚጠብ ቀዳዳ) ዝጉት፣ ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያችኋል፣ ኮንደንሰሩን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የክቡን ጠርዝ አስጠሩት፣ በሁለቱ ብሎኖች ወደ መሀል አምጡት፣ ከዛ ጠርዙ ከእይታ እስኪወጣ ብቻ ክፈቱት። መጨረሻ አንድ አይፒስ አውጥታችሁ ቱቦውን እያያችሁ የኮንደንሰሩን አይሪስ ከሚታየው ክብ ሶስት አራተኛ ያህል ላይ ተዉት። ከስር ዳያፍራም የሌለው ርካሽ ማይክሮስኮፕ ከሆነ የመጨረሻዋን ብቻ አድርጉ፣ እሷም ብዙ ለውጥ ታመጣለች።

ይሄን አይሪስ መብራት መቀነሻ አድርጎ መጠቀም እዚ በጣም የተለመደ ነው፣ እኔ ደሞ በጣም ነው የሚያናድደኝ። መብራት የሚቀነሰው በመብራቱ ቁልፍ ነው። አይሪስ ሲጠብ ምስሉ ጥቁርና ነጩ ይጎላል ግን ጥቃቅኑ ይጠፋል፣ ሲሰፋ ጥቃቅኑ ይመጣል ግን ይደበዝዛል፣ መሀሉን መፈለግ ነው።

ናሙናው አለ ግን መስታወት ነው፣ ምንም አይታይም

ጃርዲያ፣ አሜባ፣ የጣና ዳያተም (የውሃ አልጌ) ቅርፊት፣ ሁሉም ቀለም የላቸውም። ተራው ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው ብርሃን የሚመጥጥን ነገር ነው፣ እነዚህ ደሞ አይመጥጡም። ሰገራ ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ፣ የሲስቱ ኒውክሊየስ ይወጣላችኋል፣ ግን አዮዲን የሚንቀሳቀሰውን ይገድለዋል፣ ስለዚ ስላይዱ ላይ በአንድ በኩል በሳላይን፣ በሌላ በኩል በአዮዲን ስሩ። ሳላይኑን ስታዩ አይሪሱን ጠበብ አድርጉት። ያለ ቀለም አይሰራም ማለት ግን አይደለም፣ ላቬራን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ጥገኛ ያየው ባልተቀለመ ትኩስ ደም ላይ ነው።

ለተማሪ የምወደው ዳርክ ፊልድ ነው፣ ወጪው አንድ ጥቁር ወረቀት። ኮንደንሰሩ ስር የፊልተር ማስቀመጫ አለ፣ እዛ ላይ የሚገጥም ግልጽ ፕላስቲክ ቁረጡ፣ መሀሉ ላይ 15 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ክብ ጥቁር ወረቀት ለጥፉ፣ አይሪሱን በሙሉ ክፈቱ፣ በ10 እዩ። መሀሉን የሚያልፈው ብርሃን ታገደ፣ ከጎን የሚመጣው ነገርየውን ነክቶ ሲበተን ብቻ ነው አይናችሁ ጋ የሚደርሰው፣ ስለዚ ጥቁር ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር ታያላችሁ። ጥቁሩ ግራጫ ከሆነባችሁ ክቡ አንሷል፣ ጨርሶ ጨለማ ከሆነ በዝቷል፣ ቀስ በቀስ ቁረጡት። ለ100 አትሞክሩት። አንዷ ተማሪ በዚ ስታይ "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ነው?" አለችኝ፣ ኧረ አጣርታችሁ አፍሉት ነው መልሱ።

የጣና ውሃ በክረምት በደለል ቡናማ ስለሆነ በቀጥታ ጠብታ ብትወስዱ ጭቃ ብቻ ነው የምታዩት። በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ጨርቅ ብዙ ውሃ አሳልፉና የተጠራቀመውን እዩ። ማይክሮሲስቲስ የምትባለው ባክቴሪያ ክብ ክብ ሴሎች ሆና በሙጫ ተያይዛ ትታያለች፣ ሴሎቿ ውስጥ አየር ስላለ ፎከሱን ስታንቀሳቅሱ ጠቆር ብለው እንደገና ያበራሉ፣ ቆሻሻ መስላችሁ እንዳታልፏት። ናሙናውን ለመቅዳት ግን በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፣ ከጀልባ ወይ ከድንጋይ ላይ ሆናችሁ በገመድ ባልዲ ጣሉ።

እንቦጭ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ማይክሮስኮፕ ለሚያስተምር ሰው ናሙና ሞልቶለታል። ያበጠውን የቅጠሉን እጅ በአዲስ ምላጭ በተቻላችሁ መጠን ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከሚወጡት ውስጥ ብርሃን በግልጽ የሚያሳልፈውን አንዱን ምረጡ። ሰፋፊ የአየር ክፍሎችና በመሀላቸው አንድ ሴል ውፍረት ያላቸው ግድግዳዎች ይታያሉ፣ ለዛ ነው የሚንሳፈፈው። ክፍሎቹ ጥቁር አረፋ ከሆኑባችሁ አየር ነው፣ ቁራጩን አልኮል ውስጥ አቆይታችሁ ወደ ውሃ መልሱት። ግድግዳዎቹ ላይ ደሞ መርፌ መርፌ ክሪስታል አለ፣ ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፣ በተራ ብርሃን ሊያመልጣችሁ ይችላል። ፖላራይዝድ የሆነ የተሰበረ የፀሀይ መነጽር ፈልጉ፣ አንዱን መስታወት መብራቱ ላይ፣ ሌላውን አይፒሱ ላይ አድርጋችሁ አንዱን አሽከርክሩ፣ ሁሉም ሲጨልም ክሪስታሎቹ ብቻ ያበራሉ። ሳይጨልም ከቀረ መነጽሩ ፖላራይዝድ አይደለም፣ ሻጩ ዋሽቷችኋል።

ፌዝ ኮንትራስት ያለው ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ፍሪትስ ዘርኒከ እ.ኤ.አ. በ1953 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘበት ነው፣ በግልጽ ነገር ያለፈ ብርሃን ትንሽ ይዘገያል፣ እሱ ያንን መዘግየት ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየረው። "ፌዙ አይሰራም" ከተባለ ኮንደንሰሩ ላይ ያለው ቀለበት ቁጥርና የኦብጀክቲቩ ቁጥር አንድ ናቸው ወይ፣ ሁለቱ ቀለበቶችስ ተደራርበዋል ወይ፣ አይፒስ አውጥታችሁ እዩ። ሌላ ምክንያት የለውም ማለት ይቻላል።

የወባ ስላይዱ ሁሉ ነጥብ ነው

ከመስከረም እስከ ታህሳስ ስራ ሲበዛ የሚመጣ ችግር ነው፣ ማይክሮስኮፑም ንጹህ ነው። ጊምዛው (የወባ ስላይድ ማቅለሚያው) ዝቃጭ ሰርቷል፣ አጣሩት፣ የተበረዘውን በየቀኑ አዲስ አድርጉ፣ ስላይዱ ከቀለም ሲወጣ ቀለሙን ከላዩ ከማፍሰስ ይልቅ በውሃ አንሳፋችሁ አስወግዱት፣ ላይ ያለው ቅርፊት ስላይዱ ላይ እንዳይቀመጥ። ዝቃጩን ከወባ የምትለዩት በፎከስ ነው፣ ፋይን ፎከሱን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ ዝቃጩ ከሴሉ በላይ ብቻውን ይጠራል፣ ወባው ግን ከቀይ ሴሉ ጋር እኩል ፎከስ ላይ ነው፣ ደሞ ቀይ ክሮማቲንና ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም አብረው መኖር አለባቸው።

ሁሉም ነገር ሰማያዊ ከሆነ ውሃችሁ አልካሊ ነው፣ ሁሉም ሮዝ ከሆነ አሲድ ነው፣ ቀለሙን የምትበርዙበት ቡፈር ፒኤች 7.2 ይሁን፣ የቧንቧ ውሃ በግምት አይሆንም። ስላይዱ ላይ ካሉት ወፍራምና ስስ የደም ቅቦች ወፍራሙ ላይ ቀይ ሴሎቹ ሳይፈርሱ ከቀሩ ፀሀይ ላይ አድርቃችሁታል ወይም ሜታኖል ነክቶታል፣ ሜታኖል ለስሱ ብቻ ነው። ስሱ ላይ ሴሎቹ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቀዳዳ ካያችሁ ሜታኖሉ ከአየር ውሃ ጠጥቷል፣ ጠርሙሱን ክፍት አትተዉት። "የለም" ከማለታችሁ በፊት ደሞ ወፍራሙ ላይ ቢያንስ 100 ፊልድ (በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ) እዩ፣ ወረፋው ቢረዝምም።

ኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ላይ የቲቢው ዘንግ ደብዝዟል

በኦራሚን (የቲቢን ባክቴሪያ የሚያበራ ቀለም) የተቀለመ ስላይድ በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል፣ ፊልተሩ ሰማያዊውን አስቀርቶ ያንን ብቻ ያሳልፋል። ከደበዘዘ ስላይዱ ቆይቷል ወይ ብርሃን ላይ ተቀምጧል (ይነጣል፣ በጨለማ አስቀምጡና በ24 ሰዓት ውስጥ አንብቡ)፣ ወይ ፐርማንጋኔቱ (ጀርባውን የሚያጨልመው) ከልክ በላይ ቆይቶበታል፣ ወይ ክፍሉ ብሩህ ነው። መጋረጃውን ዝጉ፣ አይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ።

ሁለት ምስል ይታየኛል፣ ራሴን ያመኛል

ሁለቱን አይፒሶች ገፋ ሳብ አድርጋችሁ አንድ ክብ እስኪሆን አስተካክሉ። በቀኝ አይን ፎከስ አድርጉ፣ ከዛ በግራ አይን ብቻ እያያችሁ የግራውን አይፒስ ቀለበት አዙሩ። ለሰው ሁሉ የተለየ ስለሆነ ፈረቃ ስትቀያየሩ ድገሙት። ይሄም ተደርጎ ሁለት ከሆነ ማይክሮስኮፑ ወድቆ ወይ ተመትቶ ፕሪዝሙ ተንቀሳቅሷል።

ፎከስ አድርጌ ስለቀው ይወርዳል

ትልቁ ፎከስ ስር፣ ከአካሉ ጋር በተጠጋው በኩል፣ የማጥበቂያ ቀለበት አለ፣ ትንሽ አጥብቁት። ስቴጁ (ስላይዱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ) ሲከብዳችሁ ደሞ ቀለበቱን ላሉት። የመኪና ግሪስ ወይ የማሽን ዘይት አታስነኩት፣ አቧራ ይሰበስብና ጥርሱን ይበላዋል። ሁለቱን የፎከስ ቁልፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞ መጠምዘዝ የሚባለውን "ዘዴ" የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ እጁን ያዙት፣ በአንዳንዱ ሞዴል ይሰራል፣ በሌላው ጥርሱን ይሰብራል።

ካቻቢቴ የሚያስፈልገው እንግዲህ ለሶስት ነገር ነው፣ ሌንስ ውስጥ ለገባ ሻጋታ፣ ለተንቀሳቀሰ ፕሪዝም፣ ለተሰበረ ጥርስ፣ ሶስቱም የእናንተ አይደሉም። ለቴክኒሻን ስትልኩት "አይሰራም" ብላችሁ አትጻፉ፣ በየትኛው ኦብጀክቲቭ፣ ምን ሲደረግ፣ ምን እንደሚታይ ጻፉ፣ የሞከራችሁትንም ጨምሩ። በሚኒባስ የሚሄድ ከሆነ አይፒሶቹን አውጥታችሁ ለየብቻ ጠቅልሉ፣ የተከፈቱትን ቱቦዎች ክደኑ፣ ስቴጁን እስከ ታች አውርዱት፣ ስላይድ ላዩ ላይ እንዳይቀር።